ባለቤቱ ምን ጎደለበት?

አንድ የአሥራ አራት ዓመት ደረሳዬ ከትምህርት በኋላ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ «ኡስታዝ፣ ጌም ሳይገዙ ኮፒ አድርጎ መጫወት ሐራም ነው እንዴ? ባለቤቱኮ ምንም አልጎደለበትም!» አለኝ። «አዎን፣ ስርቆት ነው» ልለው አፌን ስከፍት ዓይኔ በያዘው ኪታብ ላይ አረፈ። እኔው ራሴ ፎቶኮፒ አስነስቼ የሰጠሁት ነበር። መልሱን ለሌላ ቀን አቆየሁት።

ውድ አንባቢ፣ ጥያቄው ከልጅ አፍ ይውጣ እንጂ የልጅ ጥያቄ አይደለም። በዚህ ረገድ የሚሰጡትን ምክንያቶች አንድ በአንድ እንመርምር።

በቅድሚያ ሁለት ነገሮች ሊለዩ ይገባል። ኢሙሌተር የሚባለው ለአንድ ማጫወቻ የተሠራ ጨዋታ በሌላ ኮምፒውተር ላይ እንዲሠራ የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። የመሣሪያውን ጠባይ ያስመስላል እንጂ ጨዋታው በውስጡ የለም። ኮኔክቲክስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 የፕሌይስቴሽን ጨዋታዎችን በማኪንቶሽ ኮምፒውተር የሚያጫውት ፕሮግራም በማውጣቱ ሶኒ ከሶት ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2000 ለኮኔክቲክስ ፈረደ። ተጫዋቹ ዲስኩን እስከገዛ ድረስ የጨዋታው ሠሪ ዋጋውን አያጣምና በዚህ ነውር አይታየኝም።

የዩዙ ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል። ዩዙ የኒንተንዶ ስዊች ጨዋታዎችን የሚያጫውት ኢሙሌተር ነበር። ኒንተንዶ በ2024 ባቀረበው ክስ፣ አንድ አዲስ የዜልዳ ጨዋታ በሜይ 2023 ለሽያጭ ከመዋሉ በፊት ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ያለ ፈቃድ ተወስዷል አለ። የዩዙ ሠሪዎች 2.4 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈልና ሥራቸውን ለማቆም ተስማሙ። ነገሩ በስምምነት በማለቁ ኢሙሌተር ሁሉ ሕገ ወጥ ነው የሚል ፍርድ ከክርክር በኋላ አልተሰጠም። ሆኖም ገና ያልተሸጠን የሰው ሥራ አስቀድሞ መበተን ምን ስም ይሰጠዋል?

ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1988 በኩዌት ባደረገው ጉባኤ፣ የድርሰትና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የተጠበቀና ሊጣስ የማይገባው ሐቅ መሆኑን ወስኗል። እንግዲህ «ምንም አልጎደለበትም» ማለት አያስኬድም። የቀን ሠራተኛን አሠርቶ ደመወዙን የከለከለ ሰውም ከኪሱ የወሰደው ነገር የለም።

«ባለቤቱ ባዕድ ነው፣ ሀብታም ነው» የሚሉም አሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመካ ሲሰደዱ ዐሊይን (ረ.ዐ.) ወደ ኋላ ያስቀሩት የመካ ሰዎች ያስቀመጡባቸውን አማና እንዲመልስላቸው ነበር። ሰዎቹ ከአሳዳጆቻቸው ወገን ነበሩ። «ከአቅማችን በላይ ነው» ለሚሉም፣ ደሩራ ለተራበና ሕይወቱ ለሚያሰጋው ነው። ጨዋታ ያጣ ልጅ ይሰለቻል እንጂ አይሞትም።

ጠንካራው ምክንያት የድሮ ጨዋታዎች ጉዳይ ነው። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ያወጣው ጥናት ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡት ጨዋታዎች 87 በመቶ ያህሉ በገበያ እንደማይገኙ አሳይቷል። ባለመብቱ ራሱ አይሸጥም፤ ሌላውም እንዳይነካው ይከለክላል። እዚህ ላይ የኩባንያዎቹ ጥፋት ሊሸሸግ አይገባም። አንዳንዶች ይህን ወድቆ እንደተገኘ ንብረት፣ እንደ ሉቀጣ፣ ያዩታል። ነገር ግን የሉቀጣ ባለቤት ስለማይታወቅ አግኚው ዓመት ያስነግርለታል፤ የጨዋታው ባለቤት ስም ግን ገና ሲከፈት ይነበባል። በመሆኑም እንዳይጠፋ አድርጎ ማስቀመጥንና እያባዙ መሸጥን ለይቶ ማየት የሚገባ ይመስለኛል። የመጨረሻውን ብይን ለዑለማዎች እተዋለሁ።

ለደረሳዬ በሳምንቱ መለስኩለት። በገበያ ያለን ጨዋታ በፍላሽ ከሚጭን ሱቅ መውሰድ የሰው ሐቅ መብላት እንደሆነ ነገርኩት። ኪታቡም ደራሲው በሕይወት ያለ፣ ከመጻሕፍት መሸጫም የሚገኝ ነበርና ጥፋቴን አመንኩለት። ከወላጆች ጋር አዋጥተን ሁለት ገዛን፤ ደረሶቹ እየተዋዋሱ ይቀሩበታል። እርስዎም ልጅዎን ስለ ጌሙ ከመቆጣትዎ በፊት የራስዎን ፍላሽና የመጻሕፍት መደርደሪያ ይመልከቱ።

ወላሁ አዕለም።