ስለ ራሱ የሚጠይቅ ፈተና

በአገራችን የእንቆቅልሽ ጨዋታ መልሱን የሚያውቀው ጠያቂው ነው። ተጠያቂው ሲያቅተው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ አገር ሰጥቶም መልሱን ከጠያቂው አንደበት ይቀበላል። የእውነቱ ዳኛ እንግዲህ ጠያቂው ራሱ ነው። ይህን ልማድ ገልብጦ ዳኝነቱን ለተጠያቂው የሚያስረክብ አንድ ሥራ አለ። እርሱም አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ጄምስ ፕሮፕ ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ2005 «ማት ሆራይዘንስ» በተባለው መጽሔት የወጣው ባለ 20 ጥያቄ ፈተና ነው። ጥያቄዎቹ ስለ ታሪክ ወይም ስለ ጂኦግራፊ አይደሉም፤ አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ ራሱ ስለ ፈተናው መልሶች ነው።

ስልቱን ለመረዳት ሦስት ጥያቄዎች ብቻ ያሉትን የሚከተለውን የራሳችንን ምሳሌ እንመልከት።

1ኛ. ከሦስቱ መልሶች «ሀ» የሆኑት ስንት ናቸው? ሀ. ምንም፤ ለ. አንድ፤ ሐ. ሁለት።
2ኛ. «ለ» የሆኑትስ? ሀ. ምንም፤ ለ. አንድ፤ ሐ. ሁለት።
3ኛ. የ1ኛው ጥያቄ መልስ የትኛው ነው? ሀ. «ሐ»፤ ለ. «ሀ»፤ ሐ. «ለ»።

ለ1ኛው ጥያቄ «ሀ»ን የመረጠ ሰው «ሀ የሆነ መልስ የለም» ሲል በራሱ እጅ አንድ «ሀ» ጽፏል፤ ቃሉ ራሱን ያፈርሳል። «ለ»ን ቢመርጥ 3ኛው «ሐ» ይሆናል፤ ብቸኛው «ሀ» የግድ በ2ኛው ላይ ይወድቃል፤ ነገር ግን 2ኛው «ለ የሆነ መልስ የለም» ሲል 1ኛው «ለ» ሆኖ ይገኛል። ከቅራኔ ነጻ ሆኖ የሚቆመው ሐ፣ ሀ፣ ሀ ብቻ ነው።

በፕሮፕ ሥራ ውስጥ ይህ ስልት ከፍተኛ ደረጃ ላይ የሚደርሰው በ19ኛው ጥያቄ ነው። ጥያቄው የራሱ መልስ የትኛው ፊደል እንደሆነ ብቻ ይጠይቃል። ለብቻው ሲታይ ከአምስቱ ምርጫዎች ማንኛውም ትክክል ስለሚሆን ባዶ ይመስላል። ከሌሎቹ ጥያቄዎች ጋር ሲቆም ግን አንድ መልስ ብቻ ይኖረዋል። ክፍሉ ትርጉሙን የሚያገኘው ከጠቅላላው ነው። ቅርጹ ራሱ ይዘት ሆኗል።

20ኛው ጥያቄ ወደ ውጭው ዓለም ይመለከታል። ደረጃውን የጠበቀ ፈተና ከማሰብ ችሎታ ጋር ያለው ዝምድና ባሮሜትር ከምን ጋር ያለውን ዝምድና እንደሚመስል ጠይቆ ሙቀትን፣ የነፋስን ፍጥነት፣ ኬክሮስንና ኬንትሮስን ያቀርባል። ባሮሜትር የሚለካው የአየር ግፊትን ነውና ከምርጫዎቹ አንዱም እውነት አይደለም። ፌዙ ያነጣጠረው የሰውን አእምሮ በፊደል ምርጫ እንመዝናለን በሚሉት ላይ ነው። ሆኖም የመልስ ወረቀቱ አንድ ፊደል ይፈልጋል፤ ያም ፊደል ከሌሎቹ መልሶች ጋር በመስማማቱ ብቻ ትክክል ይባላል።

የሥራው ብርታትም ወሰንም እዚህ ላይ ይታያል። ዓምዶቹ ሁሉ እርስ በርስ የሚስማሙ ሪፖርት ከመስኩ እውነታ ጋር ላይገናኝ ይችላል። ስምምነት ለእውነት አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን በቂ አይደለም።

ያም ሆኖ ሥራው ወደ መማሪያ ክፍል ቢገባ ይጠቅማል እንላለን። ተማሪው ስህተቱን ለማወቅ የመምህሩን ቀይ ቀለም አይጠብቅም፤ ቀጥሎ የሚጽፈው መልስ ቀድሞ የጻፈውን ያጋልጥበታልና። ግለ ሂስን በቃል ከማስጠናት በእርሳስና በላጲስ ማለማመድ ይሻላል። መምህሩ ግን ከዚያ በኋላ መስኮቱን ከፍቶ ባሮሜትሩ በእርግጥ ምን እንደሚለካ ማሳየት ይኖርበታል።