ዓይንን ጨፍኖ ፊልም መመዘን

ሰውና እንስሳ አብረው የሚኖሩበትን ፊልም ሳይ መጀመሪያ የምመዝነው ድምፁን ነው። ሥዕል ያታልላል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ የተቀረጸ ግመል መቼም አስቀይሞ አያውቅም።

ከድሬዳዋ በስተምዕራብ፣ በአሮጌው የባቡር ሐዲድ ላይ ሁርሶ አለች። በዚያ ቆላ የኢሳ አርብቶ አደሮች ግመላቸው አንገት ላይ ከእንጨት የተፈለፈለ ቃጭል ያስራሉ። ድምፁ ደረቅና ወፈር ያለ ነው፤ ከብረት ቃጭል ጋር አይምታታም። እንጨቱ እየታየ ብረት ሲንቃጨል ከሰማሁ፣ ድምፁ ከሌላ ቦታ እንደተለጠፈ አውቃለሁ፤ የቀረውንም ለማመን እቸገራለሁ። የውኃ ጉድጓዱ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ይፈትናል። ሶማሌ እረኞች ውኃ እየቀዱ ለግመሎቻቸው ያዜማሉ፤ ዜማው የሚሄደው በሚቀዱበት ምት ነው፤ ግመሎቹም እያዳመጡ ይጠጣሉ። የተጠማች ግመል በአንድ ጊዜ 100 ሊትር ያህል ልትጠጣ ትችላለች። ይህን በሦስት ሰከንድ ቆርጦ ኪቦርድ የሚደርብበት አዘጋጅ እረኛውንም ግመሏንም አስወጥቷቸዋል።

ጅብማ ከሁሉም በላይ ተበድሏል። ፊልሙ ላይ ሲመሽ የግድ ይጮኻል። ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣው ረጅም ጩኸት ግን ራቅ ያሉ የመንጋ ጓደኞቹን የሚጠራበት ነው። ሳቅ የሚመስለውም የደስታ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ሲያባርሩት ወይም ምግብ ሲሻሙት ነው። ይህን ለይቶ ያላወቀ ሰው ጅቡን እንደ ማስፈራሪያ እንጂ እንደ ጎረቤት አልሰማውም።

ሐረር ያደገችው ጄሲካ በሺር ሰምታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2017 በሰንዳንስ የታየው «ኸይራት» የተባለው አጭር ፊልሟ ጅቦችን የሚያበላውን ዩሱፍ ሙሜ ሳሌህን ይዞ ይሄዳል። ሰው ወደ ሐረር የሚጎርፈው ይህንኑ ለማየት ስለሆነ ወደ ትርኢት መንሸራተት ቀላል ነበር። እሷ ግን በጥቁርና ነጭ ቀረጸችው፤ የሥጋው ቅላት ሲጠፋ ዓይን የሚያርፈው በዘረጋው እጅና በቀረበው አፍ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መተማመን ያለማብራሪያ ይታያል። ልብ የሚነካ ሥራ ነው።

የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ደግሞ ልብ ወለድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ለካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ የበቃ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም። ልጁ ኤፍሬም እናቱን ካጣ በኋላ ቹኒ የሚላት በጉ ብቻ ቀርታዋለች፤ አጎቱ ለበዓል ሊያርዳት ያስባል። አጎትየው ግን ክፉ አይደለም። በብዙዎቻችን ቤት እንደሆነው፣ እንስሳ እየተወደደም ይታረዳል፤ ያሬድም ከዚህ ሐቅ አልሸሸም። በእኔ ሚዛን በፊልሙ ከሚታየው የተራራ ውበት ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ በጓ የሐዘን ማሳያ ብቻ ብትሆን ኖሮ ፊልሙን እስከ መጨረሻው ባልታገሥኩት።