ከከበሮው ጎን የቆመው ጊታር

ስለ ሮክ ሙዚቃ በሚጻፉ ሂሶች ውስጥ ጊታር ሲነሣ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው መሪው ጊታር ነው። እስከ መድረኩ ጫፍ የሚወጣውና መብራት የሚከተለው ሰው ስሙ ይጻፋል፤ ከኋላ ቆሞ ምቱን የተሸከመው ግን «አጃቢ» በምትባል አንዲት ቃል ይታለፋል። ቃሏ በእኛም የሙዚቃ ትችት ዘንድ የተለመደች ስለሆነች ነገሩ የሩቅ አገር ነገር ብቻ አይደለም። አጃቢነት ከመሪነት ያነሰ ጥበብ ነው የሚለው አስተሳሰብ ምን ያህል ስሕተት እንደሆነ ለማሳየት ከማልኮም ያንግ የተሻለ ምሳሌ ያለ አይመስለኝም።

ማልኮም ያንግ እ.ኤ.አ. በ1953 ግላስጎ በተባለችው የስኮትላንድ የኢንዱስትሪ ከተማ ከሠራተኛ ቤተሰብ ተወለደ። ቤተሰቡ በ1963 ወደ አውስትራሊያ ተሰደደ። ማልኮም ገና በወጣትነቱ ትምህርቱን ትቶ በአንድ የውስጥ ልብስ ፋብሪካ የስፌት መኪና ጠጋኝ ሆነ። በ1973 በሲድኒ ከተማ ከታናሽ ወንድሙ ከአንገስ ጋር ኤሲ/ዲሲ የተባለውን ባንድ አቋቋመ። የተማሪ ዩኒፎርም ለብሶ መድረኩን የሚያምሰውን አንገስን ዓለም አወቀው። ሮሊንግ ስቶን የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በ2003 ታላላቅ ያላቸውን 100 ጊታር ተጫዋቾች ሲዘረዝር አንገስን አስገባ፤ ማልኮምን ግን ዘለለው። የባንዱ መሥራችና መሪ፣ ከወንድሙም ጋር የዜማዎቹ ደራሲ የነበረው ግን ይኸው የተዘለለው ሰው ነው።

የአጨዋወቱን ልዩነት ለመረዳት ከመሣሪያው መጀመር ይበጃል። ማልኮም ዕድሜውን ሙሉ የተጫወተበት ጊታር በ1963 የተሠራ ግሬች ነው። ቀለሙን ፍቆ እንጨቱን ራቁቱን አስቀረው። የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ከሚለውጡት መቀበያዎች መካከል ከድልድዩ አጠገብ ያለውን አንዱን ብቻ ትቶ ሌላውን ነቀለ፤ የተነቀለበት ቦታ ባዶ ጉድጓድ ሆኖ ይታያል። የስፌት መኪና ፈትቶ የሚገጥም ሰው ለሥራው የማያስፈልገውን ሁሉ አስወግዶታል ማለት ነው። ክሮቹ ወፍራም ናቸው። በጣት ለመጫን ኃይል ይጠይቃሉ፤ በብርቱ ሲመቱ ግን ቅኝታቸው በቀላሉ አይናጋም።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው የድምፁ ጥራት ነው። በሮክ ዓለም ብዙዎች ማጉያውን ከልክ በላይ እየገፉ ድምፁን ያሻክራሉ። ይህ ለአንድ ነጠላ ክር ውበት ቢሰጠውም፣ ስድስት ክር አንድ ላይ ሲመታ ግን ሁሉም ተፈጭቶ አንድ ጉርምርምታ ይሆናል። ማልኮም ማጉያውን በጥቂቱ ብቻ አሻክሮ ኃይሉን ከቀኝ እጁ ያወጣ ነበር። ግራ እጁ ደግሞ ከጊታሩ አንገት ጫፍ ሳይርቅ፣ ያልተጫኑ ክሮች በነፃነት የሚጮሁባቸውን ተራ ኮርዶች ይይዛል። ማንኛውም ጀማሪ በመጀመሪያው ወር የሚማራቸው ኮርዶች ናቸው! ከእሱ እጅ ሲወጡ ግን እያንዳንዱ ክር ለየብቻው እየተሰማ ኅብረቱ እንደ ግንብ ይቆማል።

ከዘፋኙ ከቦን ስኮት ሞት በኋላ በ1980 የታተመውን «ባክ ኢን ብላክ» የተሰኘ ሸክላ እንውሰድ። በአሜሪካ ብቻ ከ25 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሰራጭቷል። የሸክላውን ስም የያዘው ዘፈን መግቢያ ላይ ኮርዱ ይመታል፤ ወዲያው ይታፈናል፤ ከበሮው ብቻ ይቀራል፤ ኮርዱ እንደገና ይመለሳል። አድማጩን ከመቀመጫው የሚያስነሣው በድምፆቹ መካከል ያለው ዝምታ ነው። ክራርን እየገረፈ የሚጫወት የኛ አገር ባለሙያ የማይፈልጋቸውን ክሮች በግራ እጁ ጣቶች እንደሚያፍን እናውቃለን፤ ድምፅን በጊዜው ማቆም ድምፅን ከማውጣት ያልተናነሰ ችሎታ መሆኑን ለእሱ ማስረዳት አያሻም። ሙዚቃ የሚያስተምሩ አንባቢዎች የሸክላውን ቅጂ በስቴሪዮ ቢያገኙ፣ የሁለቱ ወንድማማቾች ጊታር በየጎኑ ተለያይቶ የተቀረጸ ነውና አንዱን ጎን ዘግተው ለተማሪዎቻቸው ያሰሙ። የማልኮምን ጎን ሲዘጉ ቤቱ ምሰሶው እንደተነሣበት ይሆናል።

ሐያሲ የሚያደንቀውን ሁሉ ያለ ነቀፋ ማለፍ የለበትም። የኤሲ/ዲሲ ግጥሞች በይዘት ረገድ የሚያስመሰግን ብዙ ነገር የላቸውም፤ አንዳንዶቹማ ብልግና ናቸው። የፋብሪካ ልጆች ሆነው ስለ ፋብሪካ ሕይወት የዘፈኑት እጅግ ጥቂት ነው። ወዙ የሚሰማው በቃሉ ሳይሆን በምቱ ነው።

በዚህ ረገድ ማልኮም ብቻውን አይደለም። በቴምዝ ወንዝ አፍ ላይ ካለችው፣ የነዳጅ ማከማቻ ከበዛባት ካንቪ ደሴት የወጣው እንግሊዛዊው ዊልኮ ጆንሰን በአንድ ወቅት የእንግሊዝኛ መምህር ነበር። ዶክተር ፊልጉድ በተባለው ባንዱ ውስጥ ሌላ ጊታር ስላልነበረ ኮርዱንም የዜማውንም ሐረግ በአንድ ጊዜ መጫወት ግድ ሆነበት። መምቻ ሳይይዝ በጣቶቹ እየገረፈ የሚያወጣው ድምፅ ደረቅና የተቆራረጠ ነው። በ1976 የባንዱ የመድረክ ሸክላ በብሪታንያ ሽያጭ አንደኛ ወጣ፤ በተከታዩ ዓመት ዊልኮ ከባንዱ ተለየ። በ2022 እስኪሞት ድረስ ስሙ ከአገሩ ውጭ እምብዛም አልተሰማም። የእሱ አጨዋወት ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚሻ ነው።

ወደ ማልኮም ልመለስ። የመድረክ ላይ አቋሙን ያየ ሰው አይረሳውም። አዝማቹ ሲደርስ ወደ ማይክሮፎኑ ይራመዳል፤ ተቀብሎ ይዘፍናል፤ እንደጨረሰ ወደ ኋላው ተመልሶ ከከበሮው ጎን ይቆማል። ከ2008 እስከ 2010 በተደረገው የዓለም ዙሪያ ጉዞ ላይ የማስታወስ ችሎታው መድከም ጀምሮ ስለነበር፣ ራሱ የደረሳቸውን ዜማዎች ለትርኢቱ እንደ አዲስ ያጠና ነበር። ለሠላሳ አምስት ዓመታት ያህል የመታቸውን ኮርዶች በየቀኑ እየተለማመደ መድረክ ላይ ይወጣ ነበር። በ2014 ከባንዱ መለየቱ ታወቀ፤ በኅዳር ወር 2017 በ64 ዓመቱ በሲድኒ አረፈ። በቦታው የተተካው የወንድሙ ልጅ ስቲቪ ነው። እሱም ኮርዶቹን ሳይለውጥ፣ ከዚያው ከከበሮው ጎን ቆሞ ይጫወታቸዋል።