ፋይሉ ስለተከፈተ ካርታው የእኛ አይሆንም

«ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፣ ዳታውም ገብቶልኛል፤ ታዲያ ምን ቀረኝ?» ካርታ በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ይህን አባባል ሳትሰሙት አትቀሩም። መልሱ ባጭሩ ዋናው ነገር ቀርቷል ነው። ባለቤት ያለውን የካርታ መረጃ ክፍት ምንጭ ወደሆነ ሶፍትዌር ማስገባት ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉት፦ ፋይሉ ይነበባል ወይ? ቦታው ላይ ያርፋል ወይ? የመጠቀም መብትስ አለን ወይ? ሶፍትዌሩ የመጀመሪያውን በደንብ ይመልሳል፣ ሁለተኛውን በከፊል። ሦስተኛውን ግን አይጠይቅም። ትችቴም እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ እንዳይደበዝዝ አንድ ሥራ እናስብ። ደቡብ ወሎ፣ ተሁለደሬ ወረዳ፣ ሐይቅ ከተማ ዙሪያ ያሉ የውኃ ነጥቦችን በካርታ ላይ ልታስቀምጡ ነው እንበል። አንድ መሥሪያ ቤት በአርክ ጂአይኤስ የተሠራ ዳታ ሰጣችሁ፤ እናንተ ደግሞ ያላችሁ ኪው ጂአይኤስ ነው።

ከማንበቡ እንጀምር። እዚህ ላይ ምስጋና እንጂ ወቀሳ የለኝም። የአርክ ጂአይኤስ ባለቤት ኤስሪ ሼፕፋይል የተባለውን ፎርማት አሠራር እ.ኤ.አ. በ1998 ይፋ አድርጓል። ፋይል ጂኦዳታቤዝ የተባለው ፎርማት ግን ውስጡ ተዘግቶ ነው የቆየው። ኪው ጂአይኤስ ፋይሎችን የሚያነብበት ጂዳል የተሰኘው ክፍት ቤተ መጻሕፍት ይህን ፎርማት ያለ ኩባንያው ኮድ ማንበብ የቻለው በ2014፣ መጻፍ የቻለው ደግሞ በ2022 ነው። ማንም ሳያስገድዳቸው የሰው ፎርማት ፈልቅቀው ያወጡ ሰዎች ትልቅ ውለታ ውለውልናል።

ሁለተኛው ጥያቄ የቦታ ነው። የቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ያዘጋጃቸው የ1፡50,000 ካርታዎች አዲንዳን በሚባል የመለኪያ መሠረት፣ ማለትም ዳተም፣ ላይ የቆሙ ናቸው። ስልካችሁ ላይ ያለው ጂፒኤስ ደግሞ የሚጠቀመው ደብሊውጂኤስ 84ን ነው። የአንዱን ቁጥር የሌላው ነው ብላችሁ ብታስገቡ፣ በአገራችን ነጥቡ ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል፤ የአዲንዳኑ ነጥብ ከእውነተኛ ቦታው ወደ ደቡብ፣ በመጠኑም ወደ ምዕራብ ያፈነግጣል። ወሎ ሜዳ ላይ ይህ ላያስታውቅ ይችላል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ግን ወደ ውኃው በገባ ልሳነ ምድር ላይ ነው ያለው። እዚያ 200 ሜትር ማለት አንድን ነጥብ ከደረቅ መሬት አንስቶ ውኃ ውስጥ ለመጣል የሚበቃ ርቀት ነው። ቆፋሪ ቡድን በዚህ ካርታ ቢመራ የተሳሳተ ሰው ማሳ ላይ ይቆማል።

ኪው ጂአይኤስ የመለኪያ ሥርዓቱ ያልተገለጸለትን ንብርብር በጥያቄ ምልክት ያሳውቃል፤ ጥሩ ነው። የተሳሳተ ሥርዓት የተጻፈበትን ፋይል ግን በምን ያውቃል? ዝም ብሎ ይቀበለዋል። ማጣራቱ የእናንተ ነው፦ አንድ የምታውቁትን ድልድይ ወይም መስቀለኛ መንገድ ከሳተላይት ምስል ጋር አስተያዩት።

ፊደላችንም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። በሼፕፋይል የአምድ ስም ከ10 ባይት አይበልጥም። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ 3 ባይት ይፈጃል። ስለዚህ «ቀበሌ» ይገባል፣ «ሐይቅ» ይገባል፤ አራተኛ ፊደል ከጨመራችሁ ግን ይቆረጣል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ዳታ ላይ ይህ ብዙም አይታይም፤ እዚያ ደግሞ ያው ሐይቅ በላቲን ፊደል ሦስት ዓይነት ተጽፎ እናገኘዋለን፣ ኮምፒውተሩም ሦስት ቦታ ያደርገዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሥራችሁን ጂኦፓኬጅ በተባለው ክፍት ፎርማት አስቀምጡት።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እንምጣ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ካርታን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ይቆጥረዋል። መሥሪያ ቤቱ ዳታውን ለጥናታችሁ ከሰጣችሁ፣ በሰጣችሁ ልክ በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ትሠሩበታላችሁ። ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ መጫን ግን ሌላ ነገር ነው። እዚያ የምትጭኑትን ሁሉ ማንም በኦዲቢኤል ፈቃድ እንዲጠቀምበት ትሰጣላችሁ። የራሳችሁ ያልሆነውን እንዴት ትሰጣላችሁ?

«ማን ያውቅብኛል?» የሚል ካለ፣ የብሪታንያው የአሽከርካሪዎች ማኅበር ኤኤም እንዲሁ ነበር። ካርታዎቹን ከኦርድናንስ ሰርቬይ ቀድቷል ተብሎ ተከሶ፣ በ2001 በ20 ሚሊዮን ፓውንድ ነው የታረቀው። ለበጎ ፈቃደኞች ካርታ ግን ትልቁ አደጋ ገንዘብ አይደለም። ኦፕን ስትሪት ማፕ በ2012 ፈቃዱን ሲቀይር፣ ያልተስማሙ ሰዎች ያስገቡት መረጃ ተሰርዟል፤ በዚያ ላይ ሌሎች የገነቡትም አብሮ ተነካ። መብቱ ያልጠራ ዳታ በሐይቅ ካርታ ሥር ብታስገቡ፣ በላዩ ላይ በእግራቸው ዞረው ጤና ኬላና ምንጭ የመዘገቡ ልጆች ድካም አንድ ቀን አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

«በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ካርታ የሕዝብ ነው» የሚል ክርክር አለ። እኔም እስማማለሁ። ግን ክርክሩ መቅረብ ያለበት ለባለቤቱ፣ ዛሬ ለስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት እንጂ በስውር በመጫን አይደለም። መጠየቅ ደግሞ ይሠራል እኮ! ማይክሮሶፍት በ2010 መጨረሻ የቢንግ የአየር ምስሎችን ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ ለመሳል እንዲያገለግሉ ፈቅዷል። ምስሎቹ ዛሬም ባለቤት አላቸው፤ ልዩነቱ ፈቃዱ በግልጽ መጻፉ ነው።

ጽሑፉንም በጥንቃቄ አንብቡት። ከሐይቅ ብዙ ሳይርቅ፣ አምባሰል ውስጥ ባለችው ውጫሌ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመውን ውል አስታውሱ። በአንቀጽ 17 የአማርኛው ቅጂ «ይቻላል» ሲል የጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው፤ መዘዙን ታሪክ ያውቀዋል። የዳታ ፈቃድም እንዲሁ ነው፤ «ለጥናት ይቻላል» ማለት «ለሁሉም ይቻላል» ማለት አይደለም።

ሶፍትዌሩ ላይ ያለኝ ቅሬታም ይኸው ነው። ኪው ጂአይኤስ ስለ መለኪያ ሥርዓት ፊት ለፊት ይጠይቃል፤ የፈቃድ መረጃ መጻፊያውን ግን በንብርብሩ ሜታዳታ ገጽ ውስጥ፣ በፈቃደኝነት የሚሞላ አድርጎ አስቀምጦታል። ባዶውን ቢቀር እንደ መለኪያው በጥያቄ ምልክት አያሳውቅም። ሶፍትዌር ፖሊስ ይሁን አላልኩም። ለጎደለ መለኪያ የጥያቄ ምልክት ካሳየ፣ ለጎደለ ፈቃድም ማሳየት አያቅተውም። እስከዚያው ምልክቱን እናንተ አድርጉ፦ ዳታ በገባ ቁጥር ከማን፣ መቼ፣ ለምን ጉዳይ እንደተሰጣችሁ እዚያው ሜታዳታው ውስጥ ጻፉ። ፈቃዱ በጽሑፍ ከሌለ አትጫኑ፤ ጂፒኤሳችሁን ይዛችሁ ምንጩ ድረስ ሂዱ። በእግራችሁ ሄዳችሁ የለካችሁትን ነጥብ ማንም አይሰርዝባችሁም።