ዞማን አይቼ አብነት ስመለስ

ለመጀመሪያ ጊዜ ዞማ ሙዚየም የሄድኩት እንደ ብዙዎቻችሁ ፎቶ ለመነሳት ነው። መካኒሳ፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ጓደኛዬ ያ እንደ ወራጅ ውሃ እየተጠማዘዘ የተለሰነ የጭቃ ግድግዳ ፊት አቁማኝ ስታነሳኝ እጄን አሳረፍኩበት። ቀዝቀዝ ይላል። የጭድና የጭቃ ሽታ አለው፤ የአያቴ ቤት ሽታ። ማታ አብነት ገብቼ ፎቶውን ስለጥፍ የተደገፍኩት ግድግዳም ጭቃ ነበር። እሱን ግን አንድም ቀን ፎቶ አንስቼው አላውቅም። እንዲያውም ጓደኞቼ ቤት እንዳይመጡ ሰበብ የምደረድረው በእሱ ምክንያት ነበር።

ይህ ጽሑፍ ስለ ዞማ ነው። ግን ስለ ዞማ የምለው ነገር የኖረኝ ሙዚየሙን ደጋግሜ በማየቴ አይደለም። ዐምና ከአክስቴ ጋር የአያቴን ቤት ስናድስ ነው።

መጀመሪያ የሚመሰገነውን ላመስግን። ዞማን በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ ክፍት ያደረጉት ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ እና የሥነ ሰብ ባለሙያዋ፣ የዐውደ ርዕይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድ ናቸው። ኤልያስን የምናውቀው በአሮጌ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ በኮምፒውተር ቁልፎችና በተጣሉ ሰርኪቶች በሚሠራቸው ግዙፍ ሥራዎቹ ነው። የሰፈሬ ልጆች ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገንም። «ቆራሌው!» የሚለው ጩኸት ነው ጠዋት የሚቀሰቅሰን፣ ምናለሽ ተራም በእግር የሚደረስበት ነው። የተጣለ ነገር ዋጋ እንዳለው መርካቶ ሁሌም ያውቃል።

ዞማ ላይ የተደረገው ይኸው ነገር በጭቃ ነው። በየሎጁ የምናየው «ባህላዊ» ጎጆ ጭቃን ለእንግዳ ማሳያ ያደርገዋል። እዚያ ስትገቡ ወደ ድሮ የተመለሳችሁ ይመስላችኋል። ዞማ ግን ጭቃን ወደ ድሮ አይመልሰውም። ቤተ መጻሕፍቱ፣ ማሳያ አዳራሹ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት የዛሬ ከተማ ሕንጻዎች ናቸው፤ የተሠሩት በጭቃ መሆኑ ግን ይቅርታ አያስጠይቃቸውም። ለእኔ ትልቁ ስኬቱ ይህ ነው።

ታዲያ ጥያቄዬ እዚህ ላይ ይጀምራል። ባህር ዛፍ ቋሚ፣ ማገር፣ ጭድ የገባበት ጭቃ፤ ይሄ የአብነት ቤትም አሠራር ነው። የድሮዋ አዲስ አበባ አብዛኛው ቤቷ እንዲህ የቆመ ነው። መካኒሳ ላይ ጥበብ የሆነው፣ እኛ ጋ ለምን ሀፍረት ሆነ?

መልሱ ጭቃው ላይ እንዳልሆነ የነገረን አናጺው ነው። ቤታችን ከውጭ በሲሚንቶ ተለስኗል። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ አጎቴ «ዘመናዊ ይሁን» ብሎ ያስለሰነው ነው። አሁን ሲሚንቶው እያበጠ ይፈነዳል፣ ግድግዳውም ከሥሩ ያዘመመ ነው። ሁላችንም «ያው ጭቃ ነዋ» ነበር የምንለው። አናጺው በመዶሻው መታ መታ አድርጎ አንዱን ገጽ ሲያነሳው ከሥሩ ያለው እንጨት እንደ እርጥብ ዳቦ ተፈረፈረ።

«ይኸውልሽ ልጄ፣ ቤታችሁን የበላው ጭቃው አይደለም፤ ሲሚንቶው ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጭቃ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ይተነፍሳል። ሲረጥብ ትንሽ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ሲሚንቶ ግን ግትር ነው፣ አብሮት አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ይሰነጠቃል፤ ዝናቡ በስንጥቁ ይገባና መውጫ ያጣል። እንጨቱ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይከተላል። ዘመናዊ ለመምሰል የደረብንለት ካባ አፍኖ ገደለው ማለት ነው።

ሲሚንቶውን ላጥነው። የበሰበሱትን ቋሚዎች ቀየርን። የግድግዳውን እግር በድንጋይ ከመሬት ከፍ አደረግነው፣ የጣሪያውን ክፈፍ አስረዘምነው። የጭቃ ቤት ጠላቱ ውሃ ነው፤ ጥሩ ጫማና ጥሩ ባርኔጣ ካለው ይቆማል። በ2022 እ.ኤ.አ. የፕሪትዝከርን ሽልማት ያገኘው የቡርኪና ፋሶው ፍራንሲስ ኬሬም በትውልድ መንደሩ በጋንዶ የጭቃ ጡብ ትምህርት ቤት ሲሠራ ሰፊ ጣሪያ ነው የደፋለት። ጭቃውን በጤፍ ጭድ አቡክተን፣ በእግራችን እየረገጥን ሰነበትን። አክስቴ እበት ደባልቃ የመጨረሻውን ልስን በእጇ ሠራችው። የአዳዲሶቹን ቋሚዎች ሥር ግን ለምስጥ ብለን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባነው። እንግዲህ «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚለው ቃል እዚህ ጋ ይሰናከላል። ልዋሻችሁ አልፈልግም።

በሩን የገዛነው ከፈረሰ ቤት ከወጣ እንጨት መሀል ነው። ወፍራም፣ የድሮ ሥራ፤ በዛሬ ገንዘብ አዲሱን አንችለውም ነበር። ቤት አምጥተን ስናጥበው ከላዩ ላይ የቤት ቁጥር ወጣ። የሌላ ሰው ቤት ቁጥር። እቃን መልሶ መጠቀም ቆንጆ ሐሳብ ነው፤ በእኛ ከተማ ግን እያንዳንዱ አሮጌ በር አንድ የፈረሰ ቤት አለው። አክስቴ ቁጥሩን እንዳልፍቀው ከለከለችኝ።

ዞማ ላይ ያለኝ ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነው። ግድግዳው በጣም ያለቀ ይመስላል። ቅርጹ ስለሚያፈዝ፣ ምስጢሩ በአርቲስቱ እጅ ላይ ያለ ይመስለናል። የጭቃ ቤት ግን ሠርተው የሚጨርሱት ነገር አይደለም። ማሊ ውስጥ ታላቁ የጄኔ መስጊድ የቆመው የከተማው ሰው በየዓመቱ እየተሰበሰበ ስለሚለስነው ነው፤ ቀኑ እንደ በዓል ነው። አያቴም በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ግድግዳዋን ትለስን ነበር። ቤት ማለት በየዓመቱ ተመልሰህ የምታየው ነገር ነበር።

ያንን ልማድ ስንፍና አላጠፋውም። አንድ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን የቀበሌ ቤት ነው የሚኖሩት። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ወደ መንግሥት ሲያዞር፣ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ደረሱ። የጭቃ ቤቱ ብዛት እዚያ ነው። «እማማ፣ በእርስዎም በኩል እንለስንልዎት?» ስላቸው «ተይው ልጄ፣ የእኔ መሰለሽ እንዴ? ደግሞ ይነሳል እየተባለ» አሉኝ። ልደታ ላይ ስንት አሮጌ ሰፈር ተነስቶ ኮንዶሚኒየም ሲቆም አይተዋል። የሚቀጥለው ክረምት እዚሁ እንደሚያገኘው ያላወቀ ሰው ግድግዳ አይለስንም። የዞማና የአብነት ልዩነት ይሄ እርግጠኝነት ነው። ጭቃው አንድ ነው።

ሙዚየም የመሬት ጥያቄ ይፍታ አልልም። ግን እኔ ብጠየቅ የዞማ ዋና ትርኢት የማደርገው ዓመታዊውን ጥገና ነበር፤ ጎብኚው እጅጌውን ሰብስቦ ጭቃ ይርገጥ። እናንተም በሚቀጥለው ስትሄዱ ከጥምዝምዙ ይልቅ የግድግዳውን እግር እዩት። ቤቱን ያቆመው እዚያ ነው ያለው።

የዘንድሮው ነሐሴ የእኛን ግድግዳ ማዕዘን ላይ አንድ ስንዝር ያህል ልጦታል። ደንግጬ ለአክስቴ ሳሳያት «እሰይ፣ ሥራ አገኘሽ» አለችኝ። አሁን ጭዱ ጓሮ ተነክሯል፣ ቅዳሜ እንለስናለን። ጓደኞቼን በሙሉ ጠርቻለሁ። የሚቆሽሽ ልብስ ለብሳችሁ ኑ ብያቸዋለሁ፤ ቤቱን የምታውቁት በሩ ላይ ባለው የተሳሳተ ቁጥር ነው።