ሩር ከእግር ነው የምትለጋው

ኅዳር ተጋምሶ ጾመ ነቢያት ሲገባ የጎጃም ደጋ ለገና ጨዋታ ይሰናዳል። ጤፉና ስንዴው እየታጨደ ማሳው ይገለጣል። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ በጎዛምን በኩል፣ ጮቄ ከሩቅ በሚታይባቸው መስኮች፣ ክረምቱን ሙሉ ውኃ ያዘለው መሬት ደርቆ ይጠነክራል፤ ሣሩንም የሌሊቱ ውርጭና የከብቱ ግጦሽ ያሳጥሩታል። ሩር፣ የገና ጨዋታዋ ኳስ፣ የምትወደው እንዲህ ያለ መሬት ነው። ጭቃ አይዛትም፣ ሣር አይጠልፋትም፣ በተለጋችው ልክ ትሄዳለች። ልደት ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28 ቀን ይውላል፤ የልጆቹ ልምምድ ግን ሳምንታት ቀድሞ ከብት ጥበቃው ላይ ይጀመራል።

ስለዚህ ጨዋታ ብዙ ይነገራል። የክርስቶስን መወለድ የሰሙ እረኞች በደስታ በበትራቸው የተጫወቱት ነው ይባላል። ጌታና ሎሌ በዚያ ቀን እኩል እንደሚጋፉ፣ ለደረሰ ጉዳትም ቂም እንደማይያዝ ሁሉም ያውቃል። የኢትዮጵያ ባህል ስፖርት ፌዴሬሽንም ገናን ደንብ አውጥቶለት ከትግል፣ ከገበጣና ከፈረስ ጉግስ ጋር ያወዳድረዋል። እኔን የሚቆጨኝ ይህን ሁሉ እየተረክን ስለ አለጋጉ ዝም ማለታችን ነው። ሩሯ የተጋጣሚን ወሰን ስታልፍ እንጮኻለን፤ እዚያ ያደረሳት እንቅስቃሴ ምን ያህል የተጣራ ሥራ እንደሆነ ግን አናይም። «ጉልበታም ነው» ብለን እናልፈዋለን። ጉልበት የሌላት ልጅ አሳምራ ስትለጋ ያየ ሰው እንዲህ ብሎ አያልፍም።

እኔ ያየኋት ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ቀጭን ናት፤ ክንዷ ከዱላው እምብዛም አይወፍርም። የምታሠለጥናት እናት ወይም መምህር የላትም፤ ያሉት አጎቷ ናቸው፣ «አያ» ትላቸዋለች። በወጣትነታቸው ሁለት ሰፈር ሚናውን ለይቶ ሲወጣ የሚፈለጉ ለጊ ነበሩ፤ ዛሬ ግራ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ከዳር ሆነው ያያሉ። ጨዋታው በልማድ የወንዶች ነው። ልጅቷ ግን ከብት ስትጠብቅ ከወንዶቹ ጋር እየለጋች አድጋለችና አጎቷ አልከለከሏትም። የከለከሏት ነገር ቢኖር በክንዷ ብቻ መምታትን ነው።

ከዱላው ልነሣ፤ የአለጋጉ ግማሽ የሚወሰነው እሱ ሲቆረጥ ነውና። አጎትየው የመረጡት ወይራ ነው፤ ያውም ከታች፣ ግንዱ ከሥሩ በሚገናኝበት ላይ በተፈጥሮው የዞረ። እርጥብ እንጨት በእሳት አሙቆ ማጉበጥም ይቻላል፤ ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በተፈጥሮው የዞረው ግን የእንጨቱ ጅማት ከመያዣው እስከ ጫፉ ሳይቆረጥ አብሮ ይዞራል፤ ስለዚህ ደረቅ ሩር ደጋግሞ ሲመታ ቆልመሙ ላይ አይሰነጠቅም። ልጡ ከተላጠ በኋላ ፀሐይ ላይ አልጣሉትም። ከምድጃው በላይ ጭስ እየጠጣ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ሰቀሉት። ሲደርቅ በቢላዋ አስተካክለው፣ በጠርሙስ ስባሪ ፍቀው፣ ቅቤ አጠጡት። ቁመቱን የለኩት በራሷ በልጅቷ ነው፤ ቆማ ከመሬት እስከ ዳሌዋ።

ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ሳይ ነው ሰውየው ምን ያህል እንደሚያውቁ የገባኝ። ዱላውን ሰጥተው አስወዘወዟት፤ ተቀበሉና ከቆልመሙ ጀርባ፣ ከማትመታበት በኩል፣ ስስ ልጭ አነሡለት። እንደገና ሰጧት። እንደገና አነሡ። መያዣው አካባቢ እንጨት ሞልቶ ሳለ ከጫፉ ብቻ ነበር የሚቀንሱት። ይህ ልክ ነው። ከእጅ በእጥፍ የራቀ ክብደት ለማዞር አራት እጥፍ ያስቸግራል። ስለዚህ ከጫፉ ላይ የተነሣች አንዲት ልጭ ከመያዣው ከሚነሣ ብዙ እንጨት ትበልጣለች። አጎትየው ይህን በቁጥር አልተማሩትም፤ የልጅቷ አንጓ ሲጎተት አይተው ነው የቀነሱት። አብዝተው አለማንሣታቸውም ያው ጥበብ ነው፤ ጫፉ ከልክ በላይ ከቀለለ ሩሯ ዱላውን ትመልሰዋለች።

ቀጥለው ዱላውን በሁለት ጣት ከላይ አንጠልጥለው በጠጠር መቱት፤ ከጫፉ ጀምረው ጥቂት በጥቂት ወደ ላይ እየወጡ። አንድ ቦታ ላይ የጣቶቻቸው መንቀጥቀጥ ጠፋ። እዚያ ላይ በከሰል ምልክት አደረጉ። በማንኛውም ዱላ ላይ እንዲህ ያለ ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ሲመታ እንጨቱ እጅን አይነዝርም፣ የተሰጠው ኃይል በመንቀጥቀጥ ሳይባክን ወደ ሩሯ ያልፋል። ብርድ ጠዋት ላይ ያን ቦታ ስታ የመታች ልጅ ጣቶቿ እንዴት እንደሚነዝሯት ታውቃለች። በልክ የመታች ግን እጇ ላይ ምንም አይሰማትም።

ወደ ልጅቷ ስንመጣ የመጀመሪያው እርማት እግሯ ላይ ነበር። እግሮቿን ገጥማ፣ ጉልበቷን አድርቃ፣ ዱላውን ከራሷ በላይ አንሥታ ነበር የምትመታው። አጎትየው መሬቱን በዱላቸው ጫሩ፤ በሁለት ጭረት መካከል የትከሻዋን ስፋት ያህል ተዉ። «እግርሽን እዚህ አድርጊ። ጉልበትሽን ላላ አድርጊ።» በዚያን ምሽት ሌላ ነገር አልነገሯትም። ደጋግማ ሳተች፤ ዝም አሉ። ሁለት ሦስት ወንዶች ከዳር ሆነው «በኃይል! በኃይል በያት!» ሲሉ ግን ተቆጧቸው። እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። «በኃይል» የሚለው ምክር ለጀማሪ ከሚሰጥ ምክር ሁሉ የከፋ ነው። ልጅ ይህን ስትሰማ ትከሻዋን ትወጥራለች፣ መያዣውን ታንቃለች፣ ዱላውም ይዘገያል።

ከእግሩ ወገቡ ይብሳል። ለጀማሪ ዱላው እጅ ላይ ስለሆነ ሥራውም የእጅ ይመስላታል። ይህን እንዴት እንደሚነግሯት ለማየት ጓጉቼ ነበር። አጎትየው ስለ ሩር አላወሩም፤ ስለ ጅራፍ ጠየቋት።

«ጅራፍ ስታጮሂ ጫፉን ትወረውሪዋለሽ?»

«ኧረ የለም አያ። እጄን ወስጄ ቀጥ ነው የማደርገው።»

«ቀጥ ስታደርጊውስ?»

«ጫፉ ራሱ ይሄዳል።»

«በይ ወገብሽ እጅሽ ነው። ዱላው ጫፉ ነው።»

ብዙ አሠልጣኝ በረጅም ገለጻ የማያስጨብጠውን ነገር በዚህች አጭር ንግግር አስጨበጧት። የጅራፍ ድምፅ የሚፈጠረው ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ስለሚሄድ ነው፤ የማንም እረኛ ክንድ ደግሞ ወደዚያ ፍጥነት አይጠጋም። እጁ ሄዶ ሲቆም የያዘው ፍጥነት ወደ ገመዱ ያልፋል፤ ገመዱ እየቀጠነ ሲሄድ ፍጥነቱ እየጨመረ ጫፉ ላይ ይደርሳል። ሩር ስትለጋም ሥርዓቱ ያው ነው። ክብደቷ ኋላ እግሯ ላይ ነው፤ የፊቱ እግር አጭር እርምጃ ሄዶ መሬት ይረግጣል፤ እሱ ሲተከል ዳሌዋ ይዞራል፤ ትከሻዋ ግን ገና ወደ ኋላ ነው። ያቺ ቅጽበት፣ ዳሌው ወደ ፊት ትከሻው ወደ ኋላ ሆኖ ወገቧ የሚጠመዘዝባት ቅጽበት፣ የአለጋግ ሁሉ ውበት ያለባት ናት። ዳሌው ሲገታ ደረቷ ይዞራል፣ ደረቷ ሲገታ ክንዷ ይመጣል፣ ክንዷ ሲዘገይ አንጓዋ ዱላውን ይለቃል። እያንዳንዱ በተራው ሰጥቶ ይቆማል። ተራው ከተፋለሰ፣ ለምሳሌ ክንዷ ዳሌዋን ከቀደመ፣ የእግሯ ጉልበት መሬት ላይ ይቀራል።

ይህን ተራ ሌላ አገር ያሉ ልጃገረዶችም ይለፉበታል። ሶፍትቦል የሚባለው ጨዋታ በ1887 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቺካጎ ውስጥ ሲጀመር ኳሷ ተጠቅልሎ የታሰረ የቦክስ ጓንት፣ ዱላው ደግሞ የመጥረጊያ እጀታ ነበር ይባላል። ዛሬ ሴቶች በኦሊምፒክ ጭምር የተወዳደሩበት ጨዋታ ነው፤ መጀመሪያ የገባው በ1996 አትላንታ ላይ ነበር። ወርዋሪዋ 13 ሜትር ከምታህል ርቀት ስትልካት ኳሷ መቺዋ ዘንድ ለመድረስ ግማሽ ሴኮንድ እንኳ አይፈጅባትም። በዚያች ጊዜ ውስጥ አስቦ መምታት አይቻልም፤ ሰውነት ተራውን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ስለዚህ የዚያ ጨዋታ አሠልጣኞች ኳሷን በአጭር ዘንግ ላይ አስቀምጠው፣ ቆማ ሳለች፣ ደግመው ደጋግመው ያስመቷቸዋል፤ «ዳሌ ይቅደም፣ እጅ ይከተል» ይሏቸዋል። የእኛው አጎት ስለ ሶፍትቦል ሰምተው አያውቁም። እሳቸውም ግን አንድ እፍኝ አፈር ከምረው ሩሯን በላዩ ያስቀምጣሉ።

አያያዟን ያረሙበት መንገድ በጣም ደስ ብሎኛል። ዱላውን አንሥታ ስትዘጋጅ ከኋላ መጥተው ጫፉን ሳብ ያደርጉታል። ዱላው ከነክንዷ ከመጣ አጥብቃ አንቃዋለች ማለት ነው፤ ምንም ሳይሉ ይለቁትና ይመለሳሉ። ከጣቶቿ ውስጥ ሸርተት ካለ ዝም ብለው ሩሯን ያስቀምጣሉ። መዳፍ ውስጥ የታፈነ ዱላ አንጓን ያስራል፤ ጣቶች ላይ ያረፈ ግን በተራው ይለቀቃል። ሩሯን ሲነካ እጅ ራሱ ይጠብቃል፤ ለዚህ ምክር አያስፈልግም።

የዓይኗ ነገር ቀረ። ልጅቷ ሩሯ የት እንደሄደች ለማየት ቸኩላ ከመምታቷ በፊት ቀና ትል ነበር። ጭንቅላት ቀና ሲል ትከሻ ይከተላል፣ ትከሻ ሲነሣ ዱላው ይነሣል፣ ሩሯ አናቷ ላይ ተመትታ እዚያው ትንፏቀቃለች። «ዓይንሽን አትንቀይ» ማለት ቀላል ነበር። አጎትየው ግን ከሩሯ ሥር፣ እሷ ሳታይ፣ አንዳንዴ ባቄላ አንዳንዴ ሽምብራ ይሸሽጋሉ። ከመታች በኋላ «ምን ነበር?» ይሏታል። ለመመለስ ሩሯ ከሄደች በኋላም የነበረችበትን ቦታ ማየት አለባት። መጀመሪያ ላይ እየገመተች ትመልስ ነበር። ኋላ ግን ስትመታ ፊቷ ወደ መሬት እንደተደፋ ይቆይና፣ ዱላው በግራ ትከሻዋ ላይ ዞሮ ካረፈ በኋላ፣ «ሽምብራ» ትላለች። በዚያን ጊዜ ሩሯ ርቃ ሄዳለች።

የቆመች ሩር መለጋት ግን ገና ጨዋታው አይደለም። መስክ ላይ ሩሯ ትንከባለላለች፣ ትነጥራለች፣ ከሰው እግር መሐል ድንገት ትወጣለች። አጎትየው ከዳገቱ ላይ ሆነው አንዴ በፍጥነት አንዴ በዝግታ ሲለቁላት የልጅቷ አዲስ እንከን ታየ። በዝግታ የምትመጣዋን መጠበቅ አልቻለችም። የፊት እግሯ ቀድሞ ይረግጣል፣ ዳሌዋ ቀድሞ ይዞራል፣ ሩሯ ስትደርስ የቀራት ክንዷ ብቻ ነው። ይህን በአንድ ታኅሣሥ ማረም አይቻልም፤ ታላላቅ ተጫዋቾችም ዕድሜ ልካቸውን ይታገሉታል። አጎትየው እርምጃዋን ይበልጥ አሳጠሩት። ኋላ እግሯ ላይ ሆና ሩሯ አጠገቧ እስክትደርስ ድምፅ አውጥታ «ቆይ… ቆይ…» እንድትል አደረጓት። በአምስት አንዴ ትሳካላታለች፤ የተሳካችው ጊዜ ግን ከወንዶቹ የማንኛቸውም አለጋግ እንደዚያ አልተጣራም። ይህን የምለው አስቤበት ነው፤ ወንዶቹ አርቀው ይልካሉ፣ ያ ግን የክንዳቸው ውፍረት ነው።

ለበዓሉ ቀን መሐል ላይ አላስገቧትም። ግፊያው እዚያ ነው፣ ዱላም የሚበዛው እዚያ ነው። በቀኝ ዳር፣ ሩሯ ከግፊያው አምልጣ ደክማ የምትደርስበት ቦታ ላይ አቆሟት። አኮረፈች። «ከብት ልጠብቅ ነው የመጣሁት?» አለች። አጎቷ ግን አልለወጡም።

ከቀትር በኋላ ብዙ ቆይታ አንዲት ሩር ወጣችላት፤ ዘገምተኛ፣ ትንሽ የምትነጥር። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ጠበቀች። ኋላ እግሯ መሬት ላይ ተተክሎ ቆየና የፊቱ ረገጠ፤ ዳሌዋ ዞረ፣ ዱላው መጨረሻ ላይ መጣ። ሩሯ ዝቅ ብላ፣ መሬቱን እየላሰች፣ የመሐሉን ሰው ሁሉ ከጎን ጥላ ወሰኑ ድረስ ሄደች። የእሷ ወገን ደረሰባትና አስቆጠረ። ጨዋታው እንደገና ሲነሣ ተጋጣሚዎቹ ሁለት ትልልቅ ልጆች ከመሐል አውጥተው ቀኝ ዳር ላይ፣ እሷ አጠገብ አቆሙ።