እግር የማጠብ ሙያ

ሕጽበተ እግር በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በጸሎተ ሐሙስ የሚፈጸም ሥርዓት ነው። መነሻው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ይገኛል፤ ጌታ ከእራት ተነሥቶ፣ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ። ዛሬም በውሃው ላይ ጸሎት ከተደረሰ በኋላ ጳጳሱ ወይም የደብሩ አለቃ ዝቅ ብሎ የካህናቱንና የምእመናኑን እግር በወይራና በወይን ቅጠል ያጥባል። ቀጥሎ ይቀደሳል፤ ከቅዳሴ መልስ ጉልባን ይቀመሳል።

የሥርዓቱ ክብደት የሚገባው በቤቱ እግር ሲታጠብ እያየ ላደገ ሰው ነው። በገጠር መንገደኛ አምሽቶ ሲገባ ከራት በፊት ለብ ያለ ውሃ ይቀርብለታል። አጣቢው ተንበርክኮ ከቁርጭምጭሚት ይጀምራል፤ የተሰነጠቀውን ተረከዝ በአውራ ጣቱ ቀስ አድርጎ ያሻል፣ በጣቶቹ መሐል የደረቀውን ጭቃ ያስለቅቃል፣ ሲጨርስ እግሩን ይስማል። እሾህ የወጋው ቦታ ካለ ዓይኑ ሳያይ እጁ ያገኘዋል። ጥሩ አጣቢ የሚለየውም በዚህ ነው።

ታዲያ በቤት የሚያጥበው ማን ነው? ሚስት ባሏን፣ ልጅ አባቱን፣ ታናሽ ታላቁን። ጸሎተ ሐሙስ ይህን ይገለብጠዋል፤ አለቃው በተማሪው እግር ሥር ይንበረከካል። ታጣቢው እግሩን ሰብሰብ አድርጎ «ኧረ አይገባም አባቴ!» ቢል ከልቡ ነው፤ ደቀ መዝሙሩ ጴጥሮስም ጌታ ሊያጥበው ሲል እንቢ ብሎ ነበር። እንዲያውም ለብዙ ሰው ከማጠብ መታጠብ ይብሳል፤ እድፍን ለሌላ ማሳየት አለበትና። አስቀድመው ቤታቸው ታጥበው የሚመጡም አይጠፉም።

ሕዝቡ ሲበዛ እጥበቱ በቅጠል ዳበስ ከማድረግ አያልፍም፤ ጊዜ ያስገድዳል። በከተማ ደግሞ ጫማና ታክሲ የእንግዳን እግር ማጠብ አስቀርተዋል። ያው ሙያ ዛሬ በይበልጥ የሚፈለገው አልጋ የያዘ አዛውንት ባለበት ቤት ነው። እዚያም የውሃው ሙቀት በክንድ ይለካል፣ ከመንካት በፊት ይነገራል፣ የሚታጠበው ብቻ ተገልጦ ሌላው እንደተሸፈነ ይቆያል። ልምድ ያለው አስታማሚ እያጠበ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ገበያው ያወራል፤ አዛውንቱም መልስ ሲሰጡ ማፈራቸውን ይረሳሉ።